ጅማ ላይ ኮንዶሚኒየም ከመግዛታችሁ በፊት

የቧንቧ ሠራተኛ ነኝና ቤት ማየት የምጀምረው ከመታጠቢያ ክፍሉ ነው። ሻጩ ሳሎኑን ሲያሞግስ እናንተ ወደ መጸዳጃው ገብታችሁ ቀና በሉ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ከላይኛው ቤት ውኃ እየወረደ ነው። ያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠሩ። ጅማ ዝናበኛ ከተማ ናት፤ የመጨረሻውን ወለል በጥር ፀሐይ አይታችሁ አትዋዋሉ፣ ሐምሌ ላይ ዶፍ ከጣለ በኋላ ተመለሱ። የሻጋታ ሽታ በቡና ጭስ አይሸፈንም፤ የሚሞክሩ ግን አሉ። ቤቱ ምድር ወለል ላይና አዌቱ ወንዝ አጠገብ ከሆነ የግድግዳውን ግርጌ በእጃችሁ ዳብሱ።

ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶው የማን እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ፤ ሻጩ መቼም ክፉ አይነግራችሁም። ትንሽ ሕንፃ ላይ ነዋሪው ጥቂት ስለሆነ ሁለት ሰው መዋጮ ካቆመ ፓምፑ ሳይጠገን ይከርማል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መገልገያዎችን የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር ነው፤ መዝገቡን አስከፍቱና ሻጩ ውዝፍ እንዳለበት እዩ።

ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። በዕጣ የተገኘ ከሆነ መሸጥ የተከለከለበት ጊዜ ማለፉን ጠይቁ። ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት አይበቃም፤ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ። ቀብድም ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በባንክ በኩል ይከፈል።