ትልቅ ስክሪን ለናፈቃችሁ፦ በስንዝር ለኩ

ብሎክበስተር በአይማክስ (ግዙፍ ስክሪን ባለው ሲኒማ) ማየት እያማራችሁ ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ተራ ሲኒማ ቤት የምትገቡ፣ የኋላ ወንበር ላይ አትቀመጡ! መብራቱ ሳይጠፋ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና እጃችሁን ወደ ስክሪኑ ዘርግታችሁ ስፋቱን በስንዝር ለኩት። አንድ ስንዝር ብቻ ከሆነ በጣም ርቃችኋል። ሁለት ተኩል እስኪሞላ ወደፊት ውረዱ፣ መሃል መሃሉን ያዙ።

በተዘረጋ እጅ አንድ ስንዝር ከእይታችሁ ወደ 20 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ሁለት ተኩሉ 50 ገደማ ይሆናል ማለት ነው፣ ይህም የስክሪኑን ስፋት ያህል ብቻ ርቆ እንደመቀመጥ ነው። አይማክስ ውስጥም ስክሪኑ መግዘፉ ብቻ አይደለም፣ ወንበሮቹም ይቀርባሉ። ቁመቱን ግን በዚህ አታገኙትም፤ የ70 ሚሊሜትር ፊልም አይማክስ ምስል ስፋቱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 1.43 ለ 1 ነው፣ በተራ ሲኒማ ብዙ ጊዜ 2.39 ለ 1 ሆኖ ከላይና ከታች ተቆርጦ ይመጣል።

አንገት የሚያማችሁ ወይም ሰብታይትል የምታነቡ ሁለት ረድፍ ወደኋላ በሉ።