ከጎንደር ጥቅል ለሚያስልኩ

እኅትዎ ጎንደር ሆነው ቀሚስና ጋቢ ያሠራሉ፤ እርስዎ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆነው ገዢ ያገናኛሉ። እንዲህ ያለው ንግድ ትርፉ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በመላኪያ ስለሆነ፣ ለደንበኛ ዋጋ ከመንገርዎ በፊት የፖስታውን ሒሳብ እርስዎ ይያዙት።

የፖስታ ክፍያ ጨምሯል፤ ለዚህም ምክንያት አለው። የየአገሩ ፖስታ ድርጅቶች አንዱ የሌላውን ጥቅል ሲያድል እርስ በርስ የሚከፋፈሉት በውጭ ምንዛሪ እንጂ በብር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ወጪ በብር ሲታሰብ ከብዷል። የዓምናን ደረሰኝ ይዞ መስኮት ላይ መሟገት ዋጋ የለውም፤ እኅትዎ ጎንደር ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት የወቅቱን ታሪፍ ጠይቀው እንዲልኩልዎ ያድርጉ።

ሳጥኑ ደግሞ ከታሪፉ የባሰ ገንዘብ ይበላል። የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ሚዛኑ ካሳየው ክብደትና ከሳጥኑ መጠን ከሚወጣው ክብደት የበለጠውን ይዘው ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 ይካፈላሉ። 40 በ30 በ30 የሆነ ሳጥን ውስጡ 3 ኪሎ ጋቢ ብቻ ቢይዝም 7.2 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። ጋቢው አየሩ ወጥቶለት፣ ጠበቅ ተደርጎ ታጥፎ ቁመቱ ወደ 15 ቢወርድ 3.6 ይሆናል። ስለዚህ ለእኅትዎ መጀመሪያ የሚገዛላቸው ነገር ሜትር ነው።

አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንሥታለች። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ካልተነጋገሩ ደንበኛው ጥቅሉን አልረከብም ሊል ይችላል። በጉምሩክ ቅጹ ላይ «ልብስ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የሴት ቀሚስ፣ ከጥጥ የተሠራ፣ ብዛቱና እውነተኛ ዋጋው ይጻፍ። የተሸጠን ዕቃ «ስጦታ» ማለት ውሸት ነው፤ ሲታወቅም መዘዙ ለላኪው ነው። በርበሬና ሽሮ ከቀሚስ ጋር አይታሸጉ፤ ምግብ የራሱ ቁጥጥር ስላለው ልብሱንም አብሮ ያስይዛል።

የመከታተያ ቁጥሩን በዚያው ቀን ይቀበሉ። በፖስታ ቤት ለተላከ ጥቅል ቁጥሩ በፊደልና በአኃዝ 13 ምልክት ያለው ሲሆን በመድረሻው አገር ፖስታ ድረ ገጽም ይፈለጋል።

እርስዎ ወደ ጎንደር የውክልና ሰነድ ወይም ናሙና ሲልኩ «ማራኪ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ማለት አድራሻ አይሆንም። የፖስታ ሳጥን ቁጥርና የሚነሣ ስልክ ይጻፉ። ስሙም እንደ መታወቂያው ይሁን፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትየ» ቢላቸው ፖስታ ቤቱ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

ቀን ቆርጠው ለደንበኛ ቃል አይግቡ። ጥቅሉ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል፤ በረራም ጉምሩክም በእጅዎ አይደለም። ቀሚሱ ለፋሲካ ከተፈለገ ትእዛዙን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይዝጉ።