የጂንዶሽ መቆለፊያ፦ የወንበር አቀማመጡን እንቆቅልሽ ስትፈቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርኬን የተባለው ስቱዲዮ በሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ዲስኦነርድ 2» የቪዲዮ ጌም ላይ ብዙ ተጫዋች ቆሞ የሚቀርበት ቦታ አለ። ስድስተኛው ሚሽን ነው፤ ካርናካ ከተማ ውስጥ ደስት ዲስትሪክት የሚባለው፣ አቧራ የማይለየው ሰፈር። ወደ አራሚስ ስቲልተን መኖሪያ የሚያስገባውን በር የዘጋው ኪሪን ጂንዶሽ የተባለው ገጸ ባሕርይ የፈለሰፈው መቆለፊያ ነው፤ የሚከፈተው ደግሞ እንቆቅልሽ በመፍታት ነው። አምስት ሴቶች ለእራት በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። የልብሳቸው ቀለም፣ የሚጠጡት፣ የመጡበት ከተማና የያዙት የቤተሰብ ቅርስ ይለያያል። መቆለፊያው የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው ቅርስ የማን ነው?

መልሱን ያለ ራስ ምታት ማግኘትም ይቻላል። የሃውለርስ ወሮበሎች መሪ ከሆነው ከፓኦሎና ኦቨርሲር የሚባሉት የሃይማኖት ዘቦች አለቃ ከሆነው ከበርን አንዱን ለሌላው አሳልፎ መስጠት ነው። በራሱ ጭንቅላት የፈታው ግን የሰፈሩን ጣጣ ዘሎ ያልፋል፣ «ዩሪካ» የሚባለውን አቺቭመንትም (ጌሙ የሚሰጠውን የስኬት ምልክት) ያገኛል። እዚህ ላይ የሚሸነፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማሰላሰል አቅቶት አይደለም። ፍንጩን ሲያነብ ያልተባለ ነገር ይጨምርበታል፣ ወይም የተባለውን ያልፈዋል።

ለማሳያ የሚከተለውን ድልድል እንውሰድ። ሌዲ ዊንስሎ ሰማያዊ ባርኔጣ አድርጋለች። ዶክተር ማርኮላ ግራ ጫፍ ላይ ናት፤ አጠገቧ ያለችው አረንጓዴ ጃኬት ለብሳለች። ነጭ የለበሰችው ሐምራዊ ከለበሰችው በስተግራ ናት፤ ነጩ ልብስ ላይ የፈሰሰው የራሷ መጠጥ፣ አብሲንት፣ ነው። የዳቦክቫዋ ሴት ቀይ በቀይ ለብሳለች፤ በሱረት ሣጥኗ የተኩራራችው እንግዳ ከእሷ ጎን ናት። ማዳም ናትሲዩ የወፍ ሐብሏን ስታሳይ የፍሬይፖርቷ ሴት የእኔን የጦር ሜዳልያ አያህልም ብላ ትንቃለች። ቀለበት የያዘች ሌላ እንግዳ አለች፤ ከጎኗ ያለችው የዳንዎሏ ሴት ቀለበቱን ስታይ የጎረቤቷን ረም ልትደፋው ምንም አይቀራትም። ባሮነስ ፊንች ቢራዋን ታነሳለች። ወይን የጠጣችው የባልተኗ ሴት ጠረጴዛው ላይ ዘልላ መሀል ወንበር ላይ ባለችው ላይ ትወድቅና የዚያችኑ ሴት ውስኪ ትደፋለች። ካውንተስ ኮንቲ ካርናካ ስላሳለፈችው የወጣትነት ዘመን ታወራለች።

የሌላ ሰው መልስ መገልበጥ

አይሠራም። ጌሙን እንደ አዲስ በጀመራችሁ ቁጥር ስሞቹ፣ ቀለሞቹ፣ መጠጦቹ፣ ከተሞቹና ቅርሶቹ ይቀያየራሉ። ጓደኛችሁ ጋ ከቅርሶቹ አንዱ የሆነው አልማዝ የኮንቲ ቢሆን እናንተ ጋ የፊንች ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ምሳሌም የእናንተን በር አይከፍትም። ከዚህ መውሰድ ያለባችሁ መንገዱን ነው። በዘፈቀደ እሞክራለሁ ለሚል ደግሞ፣ አምስት ቅርስ ለአምስት ሴት የሚደለደልበት መንገድ 120 ነው።

ታሪኩን እንደ ታሪክ ማንበብ

ጽሑፉ ሆን ተብሎ በወሬ መልክ የተጻፈ ነው፤ ባርኔጣው «ሽቅርቅር» ነው፣ አንዷ ትኩራራለች፣ ሌላዋ ትዘላለች። ይህ ሁሉ ሲላጥ የሚቀረው 15 ፍንጭ ነው። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፣ ለአምስቱ ወንበሮች፤ ወደ ጎን ደግሞ ስም፣ ቀለም፣ መጠጥ፣ ከተማና ቅርስ የሚሉ አምስት መደዳዎች። 25 ሣጥን ይሆናል። ከዚያ ፍንጮቹን በሦስት ክፈሏቸው።

ቦታቸው በቀጥታ የተነገረ ሦስት ናቸው፤ ማርኮላ 1ኛ ወንበር፣ አረንጓዴ 2ኛ ወንበር፣ ውስኪ 3ኛ ወንበር። አብረው የሚሄዱ ስምንት ጥንዶች አሉ፤ ዊንስሎና ሰማያዊ፣ ነጭና አብሲንት፣ ዳቦክቫና ቀይ፣ ናትሲዩና የወፍ ሐብል፣ ፍሬይፖርትና ሜዳልያ፣ ፊንችና ቢራ፣ ባልተንና ወይን፣ ኮንቲና ካርናካ። የቀሩት አራቱ ስለ ጉርብትና ናቸው፤ ነጭ ከሐምራዊ በስተግራ፣ የሱረት ሣጥን ከዳቦክቫ ጎን፣ ቀለበት ከዳንዎል ጎን፣ ረም ከዳንዎል ጎን። ቆጥራችሁ 15 ካልሞላ አንድ ነገር ዘላችኋል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለለው የረሙ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ስለተወሸቀ።

ባርኔጣና ጃኬትም ያሳስታሉ። ሴቶቹ ሁሉ የተለያየ ቀለም ለብሰዋል ስለተባለ ሰማያዊ ባርኔጣ ማለት ሰማያዊ ለባሽ ማለት ነው፤ ለባርኔጣ ሌላ መደዳ አትክፈቱ። በመጀመሪያ ፊደል ማሳጠርም ዋጋ ያስከፍላል። ዳንዎልና ዳቦክቫ ሁለቱም «ዳ» ናቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ «ዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ የትኛዋን እንደጻፈ አያውቅም።

«በስተግራ» የሚለውን ማላላት

አንዱን ስህተት ብቻ አስወግዱ ብንባል ይህን እንመርጣለን። ጽሑፉ ነጭ ለባሿ ከሐምራዊ ለባሿ በስተግራ ናት ሲል ጎን ለጎን፣ ልክ ቀጥሎ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ግን «የትም ቢሆን በግራ በኩል» ብሎ ይወስደዋል። አደገኛ የሚያደርገው እንዲህ ብታነቡት ሠንጠረዡ አለመፋረሱ ነው። ሙሉ ሆኖ፣ ምንም ሳይጋጭ፣ የተሳሳተ መልስ ይወጣል። ይኸውላችሁ፦

1ኛ ወንበር፦ ማርኮላ፣ ነጭ፣ አብሲንት፣ ዳንዎል፣ አልማዝ
2ኛ ወንበር፦ ኮንቲ፣ አረንጓዴ፣ ረም፣ ካርናካ፣ ቀለበት
3ኛ ወንበር፦ ናትሲዩ፣ ቀይ፣ ውስኪ፣ ዳቦክቫ፣ የወፍ ሐብል
4ኛ ወንበር፦ ዊንስሎ፣ ሰማያዊ፣ ወይን፣ ባልተን፣ የሱረት ሣጥን
5ኛ ወንበር፦ ፊንች፣ ሐምራዊ፣ ቢራ፣ ፍሬይፖርት፣ ሜዳልያ

አንድ በአንድ ፈትሹት። ነጭ 1ኛ፣ ሐምራዊ 5ኛ ላይ ናቸው፤ በላላው ንባብ «በስተግራ» ይሟላል። የሱረት ሣጥኑ ከዳቦክቫ ጎን ነው፣ ቀለበቱም ረሙም ከዳንዎል ጎን ናቸው፣ የቀሩትም ጥንዶች አልተነጣጠሉም። መቆለፊያው ግን አይከፈትም። እዚህ የደረሰ ተጫዋች ጌሙ ተበላሽቷል ብሎ ያማርራል። ፍንጩ ጠበቅ ሲል ይህ መልስ ወዲያው ይወድቃል፤ ነጭ 1ኛ ላይ ከሆነች ሐምራዊ 2ኛ ላይ መሆን አለባት፣ 2ኛዋ ደግሞ አረንጓዴ ናት።

ግራው በማን በኩል ነው የሚለው ክርክር ያን ያህል አያሳስብም። ረድፉን ሙሉ በሙሉ ብትገለብጡት፣ ማለትም ማርኮላን ቀኝ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ ነጭንም ከሐምራዊ በስተቀኝ ብታደርጉ፣ የቅርሶቹ ባለቤቶች አይለወጡም፤ መቆለፊያው ወንበር አይጠይቅምና። ችግር የሚመጣው አንዱን ገልብጦ ሌላውን እንዳለ መተው ላይ ነው። ማርኮላን ግራ ጫፍ ላይ ትታችሁ ነጭን ከሐምራዊ በስተቀኝ ብታስቀምጡ፣ ለጥንዱ አንድ ቦታ ብቻ መቅረቱ ቀርቶ ሁለት ይሆናል፣ መነሻችሁም ይጠፋል።

ያልተባለ ጎረቤት መፍጠር

የባልተኗ ሴት መሀል ላይ ባለችው ላይ ወደቀች ሲባል አእምሮ ወዲያው ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ጽሑፉ ግን ያንን አላለም፤ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ የዘለለች ሰው ከጫፍም ልትወድቅ ትችላለች። በትክክለኛው መልስ ባልተን 5ኛ፣ ውስኪዋ የተደፋባት 3ኛ ወንበር ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ኮንቲ አለች። ከዚህ ፍንጭ የሚገኘው ባልተን ከወይን ጋር መሄዷ፣ ውስኪ መሀል መሆኑ፣ ባልተን ደግሞ መሀል አለመሆኗ ነው። የናትሲዩና የፍሬይፖርቷም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ለመናናቅ መጎራበት አያስፈልግም። «ጎን» ወይም «አጠገብ» የሚል ቃል በሌለበት ጉርብትና የለም።

ቀለበትንና ረምን አንድ ሰው ላይ መጫን

የዳንዎሏ ሴት ሁለት ጎረቤት ሊኖራት ይችላል። አንዷ ቀለበት አላት፣ አንዷ ረም ትጠጣለች፤ አንድ ሰው ናቸው የተባለበት ቦታ የለም። ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ። በእርግጥ ምሳሌው ሲያልቅ ሁለቱም ማርኮላ ላይ ይገጥማሉ። ግን ያ መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነው፣ መነሻ አይሆንም። ገና ሲጀመር የተጣበቀ ነገር ሌላ ቦታ ላይ የሠራችሁትን ስህተት ይሸፍንላችኋል።

ከግምት መጀመር

«እስቲ ፊንችን 4ኛ ላይ ላድርጋት» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ይህ እንቆቅልሽ አንድም ቦታ ላይ ግምት አይጠይቅም። ሰው የሚገምተው ከስም ወይም ከቅርስ ስለሚጀምር ነው። መጀመር ያለበት ከቀለም ነው፤ አምስቱም ቀለሞች ያለ ግምት ቦታቸውን ይይዛሉ።

የነጭና የሐምራዊን ጥንድ ያዙ። 1 እና 2 ላይ አይሆንም፣ 2 እና 3ም አይሆንም፣ 2ኛው አረንጓዴ ስለሆነ። 3 እና 4 ላይ ቢሆን ነጭ መሀል ትሆናለች፤ ነጭ አብሲንት ትጠጣለች፣ መሀል ያለው ግን ውስኪ ነው። ስለዚህ ነጭ 4ኛ፣ ሐምራዊ 5ኛ። የቀሩት ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ ሰማያዊ የዊንስሎ ነው፣ 1ኛ ላይ ደግሞ ማርኮላ ተቀምጣለች። እናም ቀይ 1ኛ፣ ሰማያዊና ዊንስሎ 3ኛ። ቀይ ካለ ዳቦክቫ አለ፣ ስለዚህ ዳቦክቫ 1ኛ ናት፤ 1ኛው ያለው ጎረቤት አንድ ብቻ ስለሆነ የሱረት ሣጥኑ 2ኛ ላይ ይውላል።

ቀጥሎ የማርኮላን መጠጥ ጠይቁ። አብሲንት 4ኛ፣ ውስኪ 3ኛ ላይ ናቸው። ቢራ የፊንች ነው። ወይን የባልተን ነው፣ ማርኮላ ደግሞ ከዳቦክቫ መጥታለች። የቀረው ረም ብቻ ነው። ከረም ጎን ዳንዎል መኖር አለባት፣ እናም ዳንዎል 2ኛ ናት። 2ኛ ላይ ዳንዎል ካለች ባልተን እዚያ የለችም፤ ወይንና ባልተን ወደ 5ኛ ይሄዳሉ፣ ቢራና ፊንች ወደ 2ኛ። ኮንቲና ናትሲዩ ቀሩ። ኮንቲ የካርናካ ናት፣ 5ኛው በባልተን ተይዟል፤ ስለዚህ ኮንቲ 4ኛ፣ ናትሲዩ ከነወፍ ሐብሏ 5ኛ። ባዶ የቀረው ከተማ የ3ኛው ነው፣ ፍሬይፖርት ይሆናል፤ ሜዳልያውም የዊንስሎ።

እዚህ ሥራውን የሠራው «አይሆንም» የሚለው ነው። ሠንጠረዡ ላይ የተረጋገጠውን ብቻ የሚጽፍ ሰው የማርኮላን መጠጥ ፈጽሞ አያገኝም፣ ረም ለእሷ ነው የሚል ፍንጭ የለምና። ሣጥኖቹን ሰፋ አድርጉና የማይሆነውን በትንሹ ጻፉና ሰርዙት።

አምስተኛውን ቅርስ መርሳት

አንዱ ቅርስ፣ በእኛ ምሳሌ አልማዙ፣ በፍንጮቹ ውስጥ ከማንም ጋር ተያይዞ አይነሳም። ስሙን የምታገኙት መጨረሻ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር የተገኙት ቅርሶች ሲዘረዘሩ ነው። አራት ቅርስ ብቻ ይዞ የተነሳ ሰው ቀለበቱ ላይ ይንገዳገዳል። ቀለበቱ ከዳንዎል ጎን፣ ማለትም 1ኛ ወይም 3ኛ ላይ ነው፤ 3ኛው ሜዳልያ ስላለው የማርኮላ ነው። አልማዙ በተረፈው ወንበር ላይ ያርፋል፣ ለኮንቲ።

መልሱን መቆለፊያው ላይ ስታስገቡ ቅርሱን ከሴትየዋ ስም ጋር አጣምሩ እንጂ ከወንበር ቁጥር ጋር አታያይዙት። ወረቀታችሁ ላይ ከ25ቱ ሣጥኖች የስምና የቅርሱን መደዳ ብቻ ለይታችሁ እንደ አዲስ ጻፉ፦ ዊንስሎ ሜዳልያ፣ ማርኮላ ቀለበት፣ ኮንቲ አልማዝ፣ ናትሲዩ የወፍ ሐብል፣ ፊንች የሱረት ሣጥን። አሁንም አልከፈት ካለ መቆለፊያውን አትነካኩ። ወደ 15ቱ ፍንጮች ተመለሱና አራቱን የጉርብትና ፍንጮች አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።