በአነስተኛ ወጪ የመኪናዎን ፍሬን እንዴት ያሻሽላሉ?

ከጎሃጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ የሚወርድ ሾፌር መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል። ቀጥሎ ከሁለት አንዱ ይመጣል። ወይ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ይላል፤ ወይ ፔዳሉ ራሱ እየላላ እስከ ወለሉ ይገባል።

ሁለቱ አንድ ችግር አይደሉም። የመጀመሪያው ሸራው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት (ዲስኩን) ጨብጦ የሚያቆመው ልባስ፣ ከአቅሙ በላይ ግሎ መያዝ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲፈጥር ነው። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ የረገጡት ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ሁለቱንም ይከላከላል፣ ወጪውም ምንም ነው።

ብዙ ሰው ፍሬን ላሻሽል ሲል ትልቅ ዲስክና ቀይ ቀለም የተቀባ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ያስባል። በከተማና በክፍለ ሀገር መንገድ ለሚነዳ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ይህ አያስፈልግም። ገንዘብዎን በቅደም ተከተል ካወጡት በጥሩ ሸራና በአዲስ ዘይት ብቻ ልዩነቱን እግርዎ ያውቀዋል።

አንደኛ፦ ችግሩን ይለዩ

ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩን ይጠርጥሩ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንደኛው ካሊፐር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ዘይቱ አርጅቷል።

ፔዳሉ ድንጋይ ከሆነብዎ ይህችን ሙከራ ያድርጉ። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ። ከዚያ እንደረገጡት ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ፣ ጉልበት የሚጨምርልዎት ቡስተር ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ባዶነት) ቱቦ ችግር አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የቤንዚን ሞተር የሚፈጥረው ቫኪዩም ይቀንሳል፣ ቡስተሩም እንደ ቆላው አያግዝም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ትንሽ የሚያፈስ የቫኪዩም ቱቦ ቶሎ ይታወቃል።

በደረቅ አስፋልት ድንገት ፍሬን ሲይዙ ጎማው የሚቆልፍ ወይም ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ፍሬንዎ ደካማ አይደለም። ጎማዎ ነው መንገዱን መያዝ ያቃተው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ ውድ ፍሬን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በተለይ ክረምት ሲመጣ።

ሁለተኛ፦ ያለውን ያስተካክሉ

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። አፈርና ዝገት ሲይዛቸው ሸራው በአንድ ወገን ብቻ ያልቃል። መካኒኩ አውጥቶ ያጽዳቸውና ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባቸው። ተራውን ግራሶ እንዳይቀባ ይንገሩት፣ ላስቲኮቹን ያሳብጣል። የኋላው ፍሬን በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ብረት) ከሆነ ውስጡ ይጽዳ፣ ሸራውም ይስተካከል። የኋላው ሥራውን ካልሠራ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፦ የፍሬን ዘይት

በርካሽ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ የሚረሳውም ይኸው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። የዘይቱ ደረጃ ጠርሙሱ ላይ በዶት (DOT) ቁጥር ይጻፋል። የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ መስፈርት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ 140። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ዶት 3 የሚጠቀም መኪና ዶት 4 ቢሞላለት ችግር የለውም። ዶት 5 ግን የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው ብለው እንዳይገዙት። ዶት 5.1 ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከዶት 4 ጋር ይስማማል።

ያልተከፈተ ጠርሙስ ይግዙ። ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመውን አይቀበሉ። ከላይ መሙላት ብቻም አይበቃም። አሮጌው በአራቱም ጎማ በኩል ወጥቶ ንጹሕ ዘይት እስኪታይ ድረስ ይለወጥ። በየ2 ዓመቱ መድገም ጥሩ ልማድ ነው።

አራተኛ፦ ሸራ

እዚህ ላይ ጊዜዎን ይውሰዱ። ሶማሌ ተራም ይሂዱ ሌላ መለዋወጫ ሱቅ፣ ሸራውን ከካርቶኑ አውጥተው ጠርዙንና ጀርባውን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ታትሞበታል። ከዚያ ውስጥ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይፈልጉ። የመጀመሪያው ሸራው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 የሆነ የሰበቃ መጠን ነው። ኤፍ ኢ የሚል ሸራ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። ለመንገድ መኪና ኤፍ ኤፍ ጥሩ ምርጫ ነው።

ፊደሉ ስለ ድምፅና ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም። ሴራሚክ የሚባለው ጸጥ ያለ ነው፣ ቸርኬም ብዙ አያቆሽሽም። ሴሚ ሜታሊክ ሙቀት በደንብ ይችላል፣ ግን ሊጮህና ዲስኩን ቶሎ ሊበላ ይችላል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሴራሚኩን እመርጣለሁ። ቁልቁለት ለሚያዘወትርና ሰው ጭኖ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ሴሚ ሜታሊኩ ይሻላል። የውድድር ሸራ ግን በነፃ ቢሰጥዎትም አይግጠሙ። እሱ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ነው፤ ጠዋት ከቤት ወጥተው መጀመሪያ የሚረግጡት ፍሬን ላይ አይደርስልዎትም።

ፎርጅድ ሸራ ብዙ ስለሆነ የሚያውቁት፣ ዕቃ የሚመልስ ነጋዴ ጋ ይግዙ። የሸራው ልባስ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላይ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካዩ ይተዉት። ግራና ቀኙን ሁልጊዜ አብረው ይለውጡ።

አምስተኛ፦ ዲስክ እና ቱቦ

ዲስኩ ላይ የተፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል። ቶርኖ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ይለካ። ከተላጠ በኋላ ከዚያ ቁጥር በታች የሚሆን ከሆነ አዲስ ይግዙ። ሲገዙም ተራውን፣ ለስላሳውን ይምረጡ። በቀዳዳ የተሞላው ሲያዩት ያምራል፣ ግን በብዙ ሙቀት ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት የሚቀመጥበት ቦታ ከዝገት ይጽዳ። የጎማው ቡሎኖችም በተመሳሳይ ኃይል ይጥበቁ፣ ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጠመመ የሚባለው እዚህ ላይ በተሠራ ጥድፊያ ነው።

የላስቲክ ቱቦዎቹ ከተሰነጣጠቁ ወይም ሲረገጥ ካበጡ ይለወጡ። ብረት የተጠለፈባቸው ቱቦዎች ፔዳሉን ጠንከር ያደርጉታል፣ ግን የማቆሚያውን ርቀት ያሳጥራሉ ብለው አይጠብቁ።

ስድስተኛ፦ አዲሱን ሸራ ያለማምዱ

ከጋራዥ ከመውጣትዎ በፊት መኪናው እንደቆመ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ይህን ሳያደርጉ የተነሱ ሰዎች የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንባቸዋል።

ከዚያ እሑድ ማለዳ ጭር ያለ ሰፊ መንገድ ይምረጡ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይድረሱና ጠበቅ አድርገው ፍሬን ይዘው ወደ 10 ይውረዱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይቁሙ። ስምንት አሥር ጊዜ ይድገሙት። ሲጨርሱ ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ይቀዝቅዝ። በጋለበት ፔዳሉን ረግጠው ከቆሙ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ይጀምራል።

በማግስቱ ከመነሳትዎ በፊት የአራቱንም ጎማ ውስጠኛ ክፍል ይመልከቱ። የፈሰሰ ዘይት እርጥበት ካዩ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ መካኒኩን ይጥሩ።