ያልወለድኳትን ልጅ በሕግ ልጄ ለማድረግ

ከእናቷ ጋር አልተጋባንም፤ እኔም አልወለድኳትም። ከስምንት ወሯ ጀምሮ ግን አሳድጌያታለሁ። ለቀዶ ጥገናዋ «አባት ይፈርም» ሲባል እኔ መፈረም አልቻልኩም። ያን ቀን እንዴት እንዳመመኝ!

እንደኔ ከሆንክ፣ መጀመሪያ ወላጅ አባቷ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን አጣራ። ከተመዘገበ፣ ለጉዲፈቻ አብዛኛውን ጊዜ የእሱም ፈቃድ ይጠየቃል። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በሐሰት እንዳትፈርም፣ አደራ። በዲኤንኤ ምርመራ ሊፈርስ ይችላል፤ በወንጀል ሊያስጠይቅህም ይችላል።

እኔ የምመክረው ጉዲፈቻን ነው፤ ከእናቷ ብትለያዩም አባትነትህ ይቀጥላል። አንዳንድ አገር ላልተጋቡ ጥንዶች ስለማይፈቅድ ቀድመህ ጠበቃ አማክር። ካልሆነ ሞግዚትነት ጠይቅ።

የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶ አትጣል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 መሠረት ለልጁ ጥቅም ቀዳሚ ግምት ይሰጣል፤ አብራችሁ መኖራችሁን ለዳኛው የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።