የመኪና ውድድር ሲሙሌተር በቤት ኮምፒውተር፦ ከመሪው አተካከል እስከ ፍሬኑ አረጋገጥ

እውነተኛ መኪና የሚነዳ ሰው ስለ መኪናው ሁኔታ የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ፍሬን ሲይዝ ደረቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ኩርባ ሲገባ ገላው ወደ ጎን ይሳባል፤ የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩም ከዓይኑ ቀድሞ የሚነቃው መቀመጫው ላይ ያረፈው ወገቡ ነው። ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ የውድድር ሲሙሌተርን እውነተኛ የሚያደርገው የሥዕሉ ማማር ሳይሆን፣ ገላ ያጣው መረጃ በዓይን፣ በጆሮ፣ በእጅና በእግር በኩል ተተክቶ መድረሱ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ውድ ዕቃ ገዝተው ቶሎ የሚሰለቹትም ዕቃው መጥፎ ሆኖባቸው ሳይሆን፣ ይህን መረጃ የሚያደርሱት ቅንብሮች ከሳጥኑ እንደወጡ ስለሚቀሩ ይመስለኛል።

በትክክል ከተቀናበረ፣ በሲሙሌተር የሚለመደው ነገር መንገድ ላይም የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ባይረን የውድድር አነዳድን በመጀመሪያ የተማረው አይሬሲንግ በተባለ የኮምፒውተር ሲሙሌተር ላይ ሲሆን፣ በኋላ ናስካር ወደሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ገብቶ ዴይቶና 500 የተባለውን ታላቅ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 በተከታታይ አሸንፏል። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ለማለት አይደለም፤ በመሪው በኩል የሚመጣው ስሜት ከእውነተኛው የራቀ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ከዕቃ ሁሉ የሚቀድመው መሪና ፔዳል ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ ሩብ መሪ ወይም ግማሽ ፍሬን መስጠት አይችልም። የጌም መቆጣጠሪያ ይህን በመጠኑ ያሻሽለዋል፤ ሲሙሌተሩን ለመቅመስ ያህልም ይበቃል። ለጀማሪ ግን እንደ ሎጊቴክ ጂ29 ያለ፣ 900 ዲግሪ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል የሚዞር፣ በውስጡ ባለ ሞተር እጅን መልሶ የሚገፋ መሪ በቂ ነው። እንዲህ ያሉት መሪዎች የሞተሩን ጉልበት በጥርሳም ጎማዎች ስለሚያስተላልፉ ትንሽ ይንኳኳሉ። ከነሱ በላይ ያሉት በቀበቶ የሚሠሩት ይለሰልሳሉ፤ ዳይሬክት ድራይቭ የሚባሉት ደግሞ መሪው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሚገጠም ጥቃቅኑን ንዝረት ሳይቀር ያደርሳሉ። በመጀመሪያው ወር ውድ መሪ መግዛትን አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ዋናው ነገር ሥዕሉ ሳይቆራረጥ መሄዱ ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል ሳያቋርጥ የሚያሳይ መካከለኛ ኮምፒውተር፣ አንዴ 100 አንዴ 40 ከሚያሳይ ኃይለኛ ኮምፒውተር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሚዘገየው ብዙ መኪና በተሰበሰበበት፣ እጅም በፍጥነት መመለስ በሚኖርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሙከራውን ባዶ መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ከሃያ መኪኖች ኋላ በመነሻው መስመር ላይ ቆመው ያድርጉት። ከከበደው መጀመሪያ ጥላዎችን፣ ቀጥሎም በመስታወት ውስጥ የሚታየውን ሥዕል ጥራት ይቀንሱ። በፍጥነት ጊዜ ሥዕሉን የሚያደበዝዘውን ቅንብር ግን ኮምፒውተሩ ቢችልም እንኳ ያጥፉት፤ ዓይን ፍሬን መያዣውን ቦታ የሚለይበትን ዝርዝር ይሸፍናል።

ሶፍትዌሩን መምረጥ እንደየሰው ፍላጎት ነው። ኩኖስ ሲሙላትሲዮኒ የተባለው የጣልያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አሴቶ ኮርሳ በመካከለኛ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸው እጅግ ብዙ መኪናዎችና መንገዶችም ይጨመሩበታል። የዚሁ ድርጅት አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ ጂቲ3 እና ጂቲ4 በሚባሉት የውድድር መኪና ምድቦች ላይ ያተኮረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው አይሬሲንግ በየጊዜው በሚከፈል የአባልነት ክፍያ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሰው ጋር በሥርዓት መወዳደር ለሚሻ ሰው የተመቸ ነው። ሬስሩም በነፃ ይጫናል፤ ተጨማሪ መኪናና መንገድ ሲፈለግ ግን ይከፈላል። ራሊ የሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሪቻርድ በርንስ ራሊ ቢያገኝ ሊደነቅ ይችላል፤ ዕድሜው ቢገፋም ወዳጆቹ እያደሱት እስካሁን ይነዳል።

መሪው ተገጥሞ ከመነዳቱ በፊት ግን ወንበሩ ይታይ። የቢሮ ወንበር እግሮቹ ተንከባላይ ስለሆኑ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሰውየውን ይዞት ወደ ኋላ ይሸሻል። በመጀመሪያው ሳምንቴ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ከጠረጴዛው እየራቅሁ፣ በውድድሩ ማብቂያ እጆቼ ተዘርግተው መሪውን በጣቶቼ ጫፍ ብቻ እይዘው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የወንበሩን ተንከባላይ እግሮች አንድ በአንድ አሮጌ ጫማ ውስጥ ያስገቧቸው። ሲያዩት ያስቃል፤ ወንበሩ ግን አይንቀሳቀስም። ፔዳሉም እንዳይንሸራተት ከኋላው ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው እንጨት ያድርጉለት። መሪውን ሲይዙ ክንድዎ በመጠኑ የታጠፈ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡም ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ይሁን።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ከቅንብሮች ሁሉ ብዙ ጥቅም እያለው ብዙ ሰው የሚዘለው የዕይታ ማዕዘን ነው። ስክሪኑ የመኪናው የፊት መስታወት ነው ቢባል፣ በዚያ መስታወት ውስጥ የሚታየው ነገር መጠን ዓይን ከስክሪኑ ባለው ርቀትና በስክሪኑ ስፋት ይወሰናል። የስክሪኑን ስፋት ግማሽ ለዓይን ርቀት አካፍለው፣ የዚያን አርክታንጀንት (በካልኩሌተር ላይ tan⁻¹ የሚለውን) በሁለት ካባዙት ትክክለኛው ማዕዘን ይገኛል። ለምሳሌ 27 ኢንች የሆነ የተለመደ ስክሪን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዓይን ከእሱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ የአግድሙ ማዕዘን 53 ዲግሪ፣ የቁመቱ ደግሞ 31 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስክሪኑን ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ቢያቀርቡት አግድሙ ወደ 67፣ ቁመቱም ወደ 41 ዲግሪ ያድጋል። ስለዚህ ሰፊ ዕይታ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ከማሳደግ ይልቅ ስክሪኑን ያቅርብ፤ የሚቻል ከሆነም ከመሪው ኋላ ተጠግቶ እንዲቆም ያድርግ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አሴቶ ኮርሳ የሚጠይቀው የቁመቱን ማዕዘን ሲሆን አይሬሲንግ የሚጠይቀው የአግድሙን ነው፤ ቁጥሩን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ ሥዕሉን ያበላሻል።

ትክክለኛውን ቁጥር ያስገባ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። የጎን መስታወቶቹ ከስክሪኑ ይወጣሉ፤ መኪናውም የቀዘቀዘ ይመስላል። ቢሆንም ለጥቂት ቀናት ይታገሡት። ማዕዘኑ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ሁሉም ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ በላይ የራቀ ስለሚመስል ፍሬን የሚያዝበት ቦታ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ ሲስተካከል ግን ርቀት በዓይን መለካት ይጀምራል። በጭንቅላት ላይ የሚደረገው የቪአር መነጽር ይህን ጉዳይ ራሱ ይፈታዋል፤ የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ጥቂት ስላልሆነ ከመግዛት በፊት መሞከር ይበጃል።

የእጅ መረጃ የሚመጣው ፎርስ ፊድባክ በሚባለው የመሪው ግፊት ነው። የፊት ጎማዎች ሲታጠፉ መሪው ወደ መሐል ለመመለስ ይታገላል፤ ኩርባው በጠነከረ መጠን ትግሉ ይከብዳል፤ ጎማው ሊለቅ ሲቃረብ ግን መሪው ቀለል ይላል። ያ መቅለል ወገብ ያጣውን ስሜት የሚተካ ነው፤ ፊት ጎማዎቹ ከዚህ በላይ እንደማይዙ የሚነገረው በእሱ ነው። ግፊቱን እስከ ጣሪያው ያሳደገ ሰው ይህን መልእክት ያጣዋል፤ የመሪው ሞተር አቅሙ አልቆ መካከለኛውንም ከባዱንም ኩርባ በእኩል ጉልበት ስለሚገፋ ልዩነቱ ይጠፋል። በአሴቶ ኮርሳ ፔዳሎቹን የሚያሳየውን ትንሽ መስኮት ቢከፍቱ ከፍሬንና ከነዳጅ መስጫው ምልክቶች አጠገብ የመሪውን ግፊት የሚያሳይ ግራጫ ምልክት አለ፤ ግፊቱ ከአቅም ሲያልፍ ወደ ቀይ ይለወጣል። በረጅም ፈጣን ኩርባ ውስጥ ሳይቀላ፣ የመንገዱን ዳር ሲረግጡ ብቻ ብልጭ እንዲል አድርገው የግፊቱን መጠን ይቀንሱ። መሪውንም አጥብቀው አይያዙት፤ የተጨነቀ እጅ አይሰማም።

ስለ ድምፅ ብዙ የሚባል ነገር የለም፦ የሞተሩን ድምፅ ቀንሰው የጎማውን ይጨምሩ።

ከዚህ በኋላ መንዳት ነው። አንድ ቀላል መኪናና አንድ መንገድ ይምረጡ፤ ለአንድ ወር ያህልም አይለውጡ። እኔ የምመክረው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናንና በካሊፎርኒያ የሚገኘውን ላጉና ሴካን ነው። መኪናው ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ስህተትን በፈረስ ጉልበት አይሸፍንም፤ መንገዱም 3.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ የተሳሳቱበት ኩርባ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛውን ኩርባ፣ አንድሬቲ ሄርፒን የሚባለውን፣ እንውሰድ። ከመነሻው መስመር ተነሥተው ሽቅብ ወጥተው፣ ጫፉን ሲሻገሩ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ወደ ግራ ጥብቅ ብሎ ይታጠፋል። ፍሬኑ የሚያዝበትን ቦታ ከመንገዱ ዳር ካለ ከማይንቀሳቀስ ምልክት ጋር ያያይዙት። በዚያ ቦታ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ሲያጋድል የፊት ጎማዎች የመያዝ ኃይላቸው ይጨምራል። መሪውን ማዞር ሲጀምሩ ግን እግርዎ ቀስ በቀስ ይነሣ። ጎማ ያለው የመያዝ ኃይል አንድ ነው፤ ሙሉውን ለማቆም ካዋለው ለመታጠፍ አይተርፈውም። እግርዎ በድንገት ቢነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ተመልሶ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ አቆይተው ከረገጡም የኋላው ክፍል ቀሎ መኪናው ይሽከረከራል። ሁለቱንም ሆን ብለው ይሞክሯቸው፤ መኪና መስበር ወጪ የማያስከትልበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ የሚሣለውን ፍሬን መያዣ አመልካች መስመር ከሁለት ቀን በኋላ ያጥፉት፤ ዓይንን ከኩርባው መውጫ ነጥቆ አፍንጫ ሥር ያስቀረዋል። ለዙር ሰዓትም አይቸኩሉ። መጀመሪያ አሥር ዙሮችን ከመንገድ ሳይወጡ፣ በመካከላቸውም ከአንድ ሴኮንድ ያልበለጠ ልዩነት እያሳዩ መጨረስ ሲችሉ፣ ያኔ ፍሬን መያዣውን በጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይግፉት። የመኪናውን ስፕሪንግና ክንፍ መነካካቱ ይቆይ፤ በየዙሩ የሚለያይ ሹፌር ለውጡ ከመኪናው ይምጣ ከራሱ ሊለይ አይችልም።

ከሰው ጋር መወዳደር የሚጀመረው ይህ ሲሟላ ነው። በአይሬሲንግ ሁሉም ሰው ከሩኪ (ጀማሪ) ፈቃድ ተነሥቶ በዲ፣ በሲ እና በቢ በኩል ወደ ኤ ያድጋል፤ ዕድገቱን የሚወስነውም ማሸነፍ ሳይሆን በጥንቃቄ መንዳት ነው። ከመንገድ መውጣት 1 የጥፋት ነጥብ፣ መኪናን መቆጣጠር ማጣት 2፣ ከሌላ መኪና ጋር በኃይል መጋጨት 4 ነጥብ ያስቆጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ከኋላ ተነሥቶ፣ በመጀመሪያው ኩርባ የሚጋጩትን እያሳለፉ መጓዝ ያዋጣል። መኪናዎ ከተሽከረከረ ፍሬኑን ረግጠው በቦታው ያቁሙት፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው የቆመን መኪና መሸሽ ይችላል፤ እየተንከባለለ ወደ መንገዱ የሚመለሰውን ግን በየት በኩል እንደሚያልፈው አያውቅም።

ጥቂት ወራት ነድተው ዕቃ መጨመር ሲያምርዎት፣ ከመሪው በፊት የፍሬን ፔዳሉን ይለውጡ። ርካሽ ፔዳል የሚለካው እግር የሄደበትን ርቀት ነው፤ ሎድ ሴል ያለው ፔዳል ግን የእግርን ጉልበት ይለካል። እግር ደግሞ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ከማስታወስ ይልቅ ምን ያህል እንደገፋ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው ፍሬንን ቀስ በቀስ የመልቀቅ ነገር በእንዲህ ያለ ፔዳል በእጅጉ ይቀላል። ሲገጥሙት ሙሉ ፍሬን ተብሎ የሚቆጠረውን ጉልበት ባለ በሌለ ኃይልዎ ረግጠው አይወስኑት። በውድድር ጫማ ሳይሆን በካልሲ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይደክሙ ደጋግመው ሊረግጡት የሚችሉትን ያህል ይርገጡና ያንን መጠን ሙሉ ብለው ይመዝግቡ፤ ጎማው ከመቆለፉ በፊት ያለው ገደብም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ያስተካክሉት።