የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ተጓዥ ስልክን ለአውቶቡስ ጉዞ ማዘጋጀት

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ብቻውን በአውቶቡስ ሊሄድ ነው ሲባል ቤተሰብ በብዛት የሚፈራው መሳፈሩን ነው። መሳፈሩ ግን የባሰው አይደለም፤ ቁጥሩ አውቶቡሱ ላይ ተጽፏል፣ ሾፌሩንም መጠየቅ ይቻላል። የሚከብደው መውረዱ ነው። ጉዞው ምን ያህል እንደቀረው መገመት፣ በመስኮት የሚያልፈውን መከታተልና ፌርማታው ሳይደርስ መነሳት በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ስልክ ከሁሉ በላይ የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ በፎቶና በተቀዳ ድምፅ የሚያሳይ፣ መውረጃው ሲቃረብም የሚጮህ አፕ ይጫንበታል።

መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ አፑ

አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ፤ ተጓዡ ራሱ መሄድ የሚፈልግበት ቢሆን ይመረጣል። እናንተ በዚያው ቀንና ሰዓት ብቻችሁን ሂዱበትና ውሳኔ የሚጠይቀውን ሁሉ ጻፉ። አንድ አውቶቡስ ብቻ የሚያስይዝ ጉዞ እንኳ ሲበታተን ከ15 እስከ 25 እርምጃ ሊወጣው ይችላል። «ወደ ፌርማታው ሂድ» እርምጃ አይደለም፤ በውስጡ አምስት ነገር አለ። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ድርጊትና ድርጊቱ መፈጸሙ የሚታወቅበት አንድ ምልክት ይኑረው።

ፎቶውን በተጓዡ ቁመት፣ ፊቱ በሚዞርበት አቅጣጫ አንሱ። ምልክት የሚሆነው ትልቅና የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ድልድይ፣ የውሃ ታንከር፣ ሰፊ ግንብ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ይቀየራል፣ የቆመ መኪና ይሄዳል፣ ዛፍም ቅጠሉ ሲረግፍ ሌላ ይመስላል። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያስፈልጉትን ፎቶዎች ደግሞ ተጓዡ ከሚቀመጥበት ወገን መስኮት ላይ ሆናችሁ አንሱ፤ ከመንገድ ዳር የተነሳው ፎቶ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ምንም አይመስልም። የመልስ ጉዞው እንደ አዲስ መንገድ ይቆጠር። ምልክቶቹ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል፣ በሌላ ወገን ይመጣሉ፤ ምናልባትም በጨለማ።

ድምፅ ስትቀዱ ከአምስት ወይም ከስድስት ቃል አትለፉ። «አትነሳ» ከማለት «ተቀመጥ» ማለት ይሻላል፤ ክልከላው ሳይሰማ ግሱ ብቻ ሊሰማ ይችላልና። አርባ ዓመት የሞላውን ሰው ስልኩ እንደ ሕፃን ቢያዘው ደስ አይለውም፤ በቤት «አንቱ» የሚባል ከሆነ ቅጂውም «ደወሉን ይጫኑ» ይበል።

የመውረጃው ማንቂያ

ማንቂያውን ፌርማታው ላይ አታስቀምጡ፤ ሲጮህ ረፍዷል። ከመውረጃው በፊት ካለው ፌርማታ አውቶቡሱ እንደተነሳ የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ። ከዚያ ቀድሞ ከጮኸ ተጓዡ አንድ ፌርማታ አስቀድሞ ይወርዳል፤ ስህተቱ የሱ ሳይሆን ማንቂያውን ያስቀመጠው ሰው ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዕቃ ሰብስቦ ደወል ለመጫን 30 ሴኮንድ ለሚፈልግ ሰው ማንቂያው ቢያንስ 250 ሜትር ቀድሞ መሰማት አለበት ማለት ነው። የተጓዡን ጊዜ በሰዓት ለክታችሁ ስሌቱን በዚያ አስተካክሉ።

ማንቂያው የሚጮኸው ስልኩ በነጥቡ ዙሪያ ወደምትሰጡት ክብ ሲገባ ነው። የክቡ ግማሽ ስፋት (ሬዲየሱ) ከ100 ሜትር ቢያንስ ስልኩ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ ለአንድሮይድ የሚመከረው ዝቅተኛው ከ100 እስከ 150 ሜትር ነው። ሌላው ወጥመድ ይህ ነው፦ ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ከበስተጀርባ የሚሠራ አፕ ቦታን የሚያየው በየጥቂት ደቂቃው ወይም ከዚያም ቆይቶ ነው። በሁለት ደቂቃ አውቶቡሱ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ስለዚህ በጉዞው ሁሉ አፑ ስክሪኑ ላይ ክፍት ይሁን፣ ወይም ማሳወቂያው ከላይ ሳይጠፋ የሚቆይ ዓይነት አፕ ምረጡ። የቦታ ፈቃዱን «ሁልጊዜ» አድርጉት፤ ለዚያ አፕ የባትሪ ቁጠባን አጥፉ። ማንቂያው «ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የባትሪ ቁጠባው ነው።

ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የጂፒኤስ ምልክት ግድግዳ እየነካ ስለሚመለስ ስልኩ ራሱን በጎረቤት መንገድ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ፌርማታዎቹ ከተቀራረቡ ማንቂያውን «ተዘጋጅ» ለማለት ብቻ ተጠቀሙበት፤ የመጨረሻው ምልክት የመስኮቱ ፎቶ ይሁን። በምድር ውስጥ ባቡር ጂፒኤስ ስለማይሠራ በየጣቢያው አንድ ሥዕል እያለፉ መቁጠር ይቻላል። በአውቶቡስ ግን ቆጠራ አይታመንም፤ ወራጅም ተሳፋሪም ከሌለ ፌርማታውን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።

ቦርሳ ውስጥ ያለ ስልክ ቢንቀጠቀጥ አይሰማም። የእጅ ሰዓት ወይም ደረት ላይ የሚንጠለጠል መያዣ ይሻላል። ማዳመጫ ካስፈለገ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ወይም ጆሮን ሳይደፍን በአጥንት በኩል የሚያሰማው ዓይነት ይሁን። መንገድ ማቋረጥን ግን ለስልክ አትስጡ፤ ስልኩ መኪና አያይም። ማቋረጫው ላይ የሚወጣው ሥዕል «ቁም፤ ስልኩን ኪስ ክተት» የሚል ብቻ ነው።

ተጓዡ ሳያስበው ከአፑ እንዳይወጣ አይፎን «ጋይድድ አክሰስ»፣ አንድሮይድም አፕን ስክሪን ላይ የሚያስር አማራጭ አላቸው። ከአይኦኤስ (የአይፎን ሥርዓት) 17 ጀምሮ ደግሞ «አሲስቲቭ አክሰስ» የተባለ ትልልቅ ምልክቶች ያሉት ቀለል ያለ ገጽ መጥቷል። እንዲህ ያለው መቆለፊያ ጥሪንም ሊያግድ ስለሚችል ከቤት ሳትወጡ ደውሉለት፤ እሱም ይደውል።

ልምምዱ

ከመጨረሻው ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ጉዞውን በሙሉ እናንተ እየረዳችሁ የመጨረሻውን እርምጃ፣ መውረዱን፣ ለሱ ተዉለት። ቀጥሎ ደወሉን ተጭኖ መውረዱን፣ ከዚያ ማንቂያውን ሰምቶ መጫኑን ጨምሩ። እንዲህ ወደ ኋላ ሲኬድ እያንዳንዱ ልምምድ የሚያበቃው እሱ ራሱ በሠራው ነገር ነው።

በልምምድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ረዳቱ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ተጓዡ ስልኩን ትቶ የረዳቱን ፊት ያነብባል፤ ረዳቱ ቀና ሲል እሱም ይነሳል። የተማረ ይመስላል፣ የተማረው ግን እናንተን ማየት ነው። ሁለት ወንበር ከኋላ ተቀመጡ። ማንቂያው ሲጮህ እስከ አሥር ቁጠሩና ዝም በሉ፤ ካልተነሳ «ስልኩ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣት አትቀስሩ። ሦስት ጉዞ በተከታታይ ያለ እርዳታ ከሄደ በኋላ መራቃችሁን ጨምሩ፦ የአውቶቡሱ ሌላ ጫፍ፣ ከዚያ መውረጃው ላይ መጠበቅ፣ ከዚያ ቤት።

ሲበላሽ

ፌርማታው ካለፈው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ «በሚቀጥለው ወርደህ እዚያው ቁም፤ ደውል»። ሁለት አማራጭ ከሰጣችሁት ሲደነግጥ ሁለቱም ይጠፉበታል። ይህን በቃል ማስረዳት አይበቃም፤ አብራችሁ ሳላችሁ ሆን ብላችሁ አሳልፉትና ይለማመደው።

አውቶቡሱ መንገድ ከቀየረ ማንቂያው ወዳለበት ቦታ አይደርስም፣ ስለዚህም አይጮህም። ለዚህ ሁለተኛ ማንቂያ በሰዓት ሙሉ፤ ከተለመደው የጉዞ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሲያልፍ የእናንተን ፎቶ ከመደወያ ጋር ያውጣ። ስልኩ ቢሞትስ? አንድ ልምምድ ላይ መሃል መንገድ አጥፉት። ያን ጊዜ የሚያድነው ኪስ ውስጥ ያለ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ነው፤ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ የመውረጃው ስምና የሚደወልለት ሰው ስልክ በትልቁ ይጻፍበት። የቤት አድራሻ አይጻፍበት፤ ካርዱን ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

ቦታውን ለቤተሰብ የሚያሳየውን አገልግሎት የምትከፍቱት ተጓዡ ማን እንደሚያየው አውቆ ከተስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 20 ስለ መንቀሳቀስ ነፃነትና ስለ ሥልጠናው ሲናገር፣ አንቀጽ 22 ደግሞ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ካርታው ላይ ነጥቡ ቆመ ብላችሁም አትሩጡ። መጀመሪያ መረጃው የታደሰበትን ሰዓት እዩ፤ ብዙ ጊዜ የቆመው ሰውየው ሳይሆን ኔትወርኩ ነው።

ጉዞው ሲለመድ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከአፑ አውጡ፤ የማያያቸው ሥዕሎች የሚያየውን ይደብቁበታል። የመውረጃውን ማንቂያ ግን መጨረሻ ላይ ንኩት። ያለሱ እየሄደ እንኳ ይቆይ ካለ ይቆይለት።